እርሾው ኩፍ ሲል፦ ኤችአይቪና የአፍ ፈንገስ



ንግግሬን በአንዲት እንጀራ ጋጋሪ እጀምራለሁ። ጥቂት ዓመታት አልፎታል። እኒህ ሴት ወደ ምርመራ ክፍሌ ሲገቡ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ተቀመጡ፤ ነጠላው አልወረደም። ስማቸውን ስጠይቃቸውም በነጠላው ውስጥ ሆነው መለሱልኝ። መጀመሪያ ጉንፋን ይዟቸው ለእኔ የተጠነቀቁ መስሎኝ ነበር። «እናቴ፣ ምን ሆነው መጡ?» አልኳቸው። «ምግብ አልወርድ አለኝ፤ በርበሬ የነካው ሁሉ እሳት ሆነብኝ» አሉ። «እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» ስላቸው ዝም አሉ። ነጠላውን ከማውረዳቸው በፊት ዞር ብለው በሩ መዘጋቱን አዩ።

ባትሪ አብርቼ ተመለከትኩ። ምላሳቸው፣ የጉንጫቸው ውስጥና ላንቃቸው ላይ የአይብ ፍርፋሪ የሚመስል ነጭ ነገር ተለጥፏል። የምላሳቸው ጠርዝ ደግሞ ተልጦ ቀልቷል። «ይህን ምን ላጠው?» አልኳቸው። «ጧት ጧት በጨውና በሎሚ እፈገፍገዋለሁ። ይደማል። በማግስቱ ተመልሶ ይነጣል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሕመሙ በላይ የከበዳቸውን ነገሩኝ፦ «ደንበኞቼ ካዩብኝ እንጀራዬን ማን ይገዛኛል?»

ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ነጭ ነገር ነው። ምንድን ነው? ከየት ይመጣል? ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ በሚገኝ ወገኖቻችን አፍ ላይ ለምን ይበረታል? በምንስ ይታከማል? ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ አንድ ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል፦ እኒያ ሴት ሊፈገፍጉት የሞከሩት ነጭ ነገር ከሰውነታቸው የተላከ መልእክት ነበር። የሚያስፈልገው አንብቦ ምላሽ የሚሰጠው ሰው ነው።

«እናቴ፣ ይህ እኮ የእርሾ ዘመድ ነው» አልኳቸው። ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ የቀለድኩባቸው መሰላቸው። ነገሩ ግን እውነት ነው። ስሙ ካንዲዳ ይባላል። በዓይን የማይታይ፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ክብ ክብ የሆነ፣ እያጎነቆለ የሚራባ ፈንገስ ነው። የጤፍ ሊጥ በሚያቦካው እርሾ ውስጥ ከሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን መካከልም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ተገኝተዋል። ሰው አፍ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ካንዲዳ አልቢካንስ ነው። ስሙ ላቲን ነው፤ ካንዲዳ የሚያንጸባርቅ ነጭ ማለት ነው። በጥንቷ ሮም ለሹመት የሚወዳደሩ ሰዎች የሚለብሱት በጠመኔ የነጣ ልብስ በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። አልቢካንስም የሚነጣ ማለት ነው። ስም አውጪዎቹ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነጭ አሉት።

«ታዲያ ከየት መጣብኝ?» አሉ። ከየትም አልመጣም። ከጤናማ ሰዎች በግምት ግማሽ ያህሉ ይህን ፈንገስ አፋቸው ውስጥ ይዘው ይኖራሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው የብዙዎቻችን ምላስ ላይ አሁንም አለ። አይታይም፣ አያምም፣ ቀምሰን አናውቀውም። ጠባቂ ስላለው አርፎ ተቀምጧል።

ጠባቂዎቹ ብዙ ናቸው። ምራቅ ቀኑን ሙሉ ያጥበዋል፤ ፈንገስ የሚገድሉ ፕሮቲኖችም አሉት። በአፋችን የሚኖሩት በርካታ ባክቴሪያዎች ቦታና ምግብ ይሻሙታል። የአፍ ውስጠኛ ሽፋን ሳያቋርጥ እየተላጠ ስለሚታደስ የተለጠፈበትን ፈንገስ ይዞት ይራገፋል። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። ሲዲ ፎር ከሚባሉት መካከል ዋና ሥራቸው የአፍና የአንጀትን ሽፋን መጠበቅ የሆነ አንድ ወገን አለ፤ ባለሙያዎች ቲ ኤች 17 ይሏቸዋል። ፈንገሱ ከልኩ ማለፍ ሲጀምር መልእክት የሚልኩት እነርሱ ናቸው። መልእክቱ ሲደርስ ፈንገስ የሚውጡ ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፤ ሽፋኑም የራሱን ፀረ ፈንገስ ያመነጫል። ይህ መልእክት ከውልደታቸው የጎደላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ኤችአይቪ ሳይኖርባቸው ዕድሜ ልካቸውን በአፍና በቆዳ ፈንገስ ይሠቃያሉ። የመልእክቱን ዋጋ ያሳወቁን እነርሱ ናቸው።

ኤችአይቪ የሚያጠቃው እነዚሁኑ ሲዲ ፎር ሕዋሳት ነው። የአፍና የአንጀት ጠባቂዎቹን ደግሞ ገና በጊዜ ይጎዳቸዋል። ጠባቂው ሲሳሳ ፈንገሱ መልኩን ይለውጣል። ክቡ ሕዋስ ክር እያበቀለ ይረዝማል፤ ክሩም በሽፋኑ ሕዋሳት ውስጥ እየሰረሰረ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ክሩ ሕዋስ የሚበሳ መርዝ እንደሚያመነጭ አሳይተዋል። ካንዲዳላይሲን ብለው ሰየሙት። ሕመሙ፣ ማቃጠሉና በርበሬ አላስነካ ማለቱ የዚህ ሁሉ ውጤት ነው።

ይህን እጄን እያወናጨፍኩ ሳስረዳቸው እንጀራ ጋጋሪዋ አቋረጡኝ። «ገባኝ ዶክተር። እርሾው ዕቃው ውስጥ ሁልጊዜም አለ። ቤቱ ሲመቸው ነው ኩፍ የሚለው።» እኔ በአሥር ደቂቃ ያልጨረስኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ቀጥለውም «ታዲያ እንጀራ ልተው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እዚህም ይህ ጥያቄ በልባችሁ ካለ፣ መልሱ «አይተዉ» ነው። የእንጀራ እርሾ ምጣድ ላይ ይበስላል፤ የአፍ ፈንገስም አያመጣም። የሚያብጠው ቀድሞውኑ አፋችን ውስጥ የነበረው ነው።

መልኩ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። በጣም የሚታወቀው ያ ነጭ አይብ መሳዩ ነው። በፋሻ ቀስ ተደርጎ ሲጠረግ ይነሣል፤ ሥሩ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴም ይደማል። ሁለተኛው ቀይ ነው፤ ምንም ነጭ የለውም። ምላስ መሐሉ ላይ ልሙጥ ይሆናል፣ ላንቃ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ነጭ ስለሌለው ብዙ ጊዜ ሰውም ባለሙያም ያልፈዋል። ሦስተኛው የከንፈር ጥግ መሰንጠቅ ነው። አፍ ሲከፈት ያማል፣ ቅርፊት ይይዛል፤ ብዙ ሰው ብርድ ነው፣ ወይም ምች ነው ብሎ ይተወዋል። አራተኛውና እምብዛም የማይታየው ወፍራም፣ ሲጠርጉት የማይነሣ ነጭ ነው። ይህኛው የባለሙያ ክትትል ይፈልጋል።

ፈንገሱ ወደ ታች ወርዶ የምግብ ቧንቧን ከያዘ ነገሩ ይከፋል። ሰውየው ሲውጥ ከደረቱ አጥንት ጀርባ ያመዋል፤ ምግብ መንገድ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ውኃም ሊያስጨንቀው ይችላል። እዚህ ላይ ከአገራችን ልማድ ጋር የሚጋጭ ነገር አለ። ጉሮሮው ያመመውን ሰው «እንጥልህ ወርዷል» ብለው እንጥል ቆራጭ ዘንድ የሚወስዱ ዛሬም አሉ። እንጥል መቆረጥ ፈንገሱን አይነካውም። ያተረፈው ነገር ቢኖር መድማት፣ ቁስልና ባልጸዳ ምላጭ የሚተላለፍ በሽታ ነው። መዋጥ ያቃተው ሰው ከሁሉ በፊት ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የኤድስ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሳንባ ምች ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል በሎስ አንጀለስ ስለታመሙ አምስት ወጣቶች አጭር ዘገባ አወጣ። በዓለም ስለ ኤድስ የታተመው የመጀመሪያው ይፋዊ ዘገባ ይኸው ነው። አምስቱም ባልተለመደ የሳንባ ምች ታመው ነበር። ዘገባውን ጊዜ ወስዶ ያነበበ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል፦ አምስቱም የካንዲዳ ፈንገስ ነበረባቸው። ቫይረሱ ገና ስም ሳይወጣለት፣ ገና ሳይታወቅ፣ ያ ነጭ ነገር ቀድሞ እየተናገረ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት መድኃኒት ባልነበረባቸው ዓመታት አፉ የነጣ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የከሳ ሰው ያልታየበት ሰፈር ጥቂት ነው።

መድኃኒት እያለ ማግኘት ያልተቻለበትም ዘመን ነበር። ክሪስቶፈር ሞራካ የደቡብ አፍሪካ ሰው ነበር፤ ለሕክምና መብት የሚታገለው የትሪትመንት አክሽን ካምፔን በጎ ፈቃደኛ። በአፉና በጉሮሮው ፈንገስ ክፉኛ ይሠቃይ ነበር። ፍሉኮናዞል የሚባለው መድኃኒት በወቅቱ አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን በባለቤትነት መብት የተያዘ ስለነበር ዋጋው አይቀመስም። ሞራካ ይህን ለአገሩ ፓርላማ አባላት ቀርቦ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2000 አጋማሽ ሞተ። ከጥቂት ወራት በኋላ የንቅናቄው መሪ ዛኪ አክማት ታይላንድ ሄዶ ዋጋው ብዙ እጥፍ የሚያንሰውን ተመሳሳይ መድኃኒት በሺዎች የሚቆጠር እንክብል ይዞ ተመለሰ። የአገሩን ሕግ እየጣሰ መሆኑንም በአደባባይ ተናገረ። ዘመቻው የተጠራው በሞራካ ስም ነው። የመድኃኒቱ ባለቤት ፋይዘርም በዚያው ጊዜ ለአገሪቱ የመንግሥት ሕክምና ተቋማት በነፃ ለመስጠት ተስማማ። ዛሬ ፍሉኮናዞል ርካሽና ተራ መድኃኒት ነው። ከፋርማሲ ስትገዙት ተራ እንዲሆን ሰዎች ምን እንደከፈሉ አስቡ።

እኔም የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ወጣት አፉ ነጥቶ መጣ። የአፍ ፈንገስ መሆኑን ዐወቅሁ። የሚጉመጠመጠውን ሽሮፕ ጻፍኩለት፤ ሸኘሁት። ለምን እንደነጣ አልጠየቅኩም። ደም አላስመረመርኩም። ከሳምንታት በኋላ ብርቱ ራስ ምታት ይዞት፣ አንገቱ ደርቆ፣ ወንድሙ ደግፎ አመጣው። ክሪፕቶኮከስ የሚባል ሌላ ፈንገስ የአንጎሉን ሽፋን ይዞ ነበር፤ ማጅራት ገትር ነው። ሳይሞት ለጥቂት ተረፈ። ፈንገሱን አክሜ ሰውየውን ሳላክም ነበር የላክሁት። ምላሱ የላከልኝን መልእክት እንደ እንጀራ ጋጋሪዋ እኔም ፈግፍጌው ነበር፤ የእኔ በመድኃኒት መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ያ ስሕተት እንዳይደገም ዛሬ ግልጽ መመሪያ አለ። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ኤችአይቪ አራት ደረጃዎች አሉት። የከንፈር ጥግ መሰንጠቅ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። አልለቅ ያለ የአፍ ፈንገስ ሦስተኛ ደረጃ ነው። የምግብ ቧንቧ ፈንገስ አራተኛ ነው። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ የደረሰ፣ ወይም የሲዲ ፎር ቁጥሩ ከ200 በታች የሆነ አዋቂ በሽታው ጠንቶበታል ይባላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሲዲ ፎር መሣሪያ በሌለበት ገጠር የሚሠራ ነርስ በአንድ ባትሪና በአንድ እንጨት ማንኪያ ብቻ ይህን ማወቅ ይችላል። ያኔ ሰውየው ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል። ለክሪፕቶኮከስም ደሙ ይታያል፤ ያ ፈንገስ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ደም ውስጥ ምልክት ይተዋልና። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን መከላከያ ይጀምራል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱም ሳይዘገይ ይሰጠዋል፤ የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ከተገኘበት ግን መጀመሪያ እርሱ ይታከማል። ይህ ሁሉ በር የሚከፈተው አፍ ሲከፈት ነው።

ስለ ሕክምናው ዘርዘር ላድርግ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ለቀላሉ የአፍ ፈንገስ ከሚታዘዙት አንዱ ኒስታቲን ነው፤ ቢጫ ሽሮፕ ሆኖ ታውቁት ይሆናል። ታሪኩ ደስ ይላል። ኤሊዛቤት ሄዘንና ራቼል ብራውን የሚባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች ነበሩ፤ አንዷ በኒውዮርክ ከተማ፣ ሌላዋ በአልባኒ። የአፈር ናሙናቸውን በጠርሙስ አድርገው በፖስታ ይላላኩ ነበር። በቨርጂኒያ ከአንድ የወተት ላሞች እርሻ ከተወሰደ አፈር ይህን መድኃኒት አገኙ፤ ግኝታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ አደረጉ። ስሙን ከኒውዮርክ ግዛት ስም አወጡት። ከመድኃኒቱ የተገኘውን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለራሳቸው አልወሰዱም፤ ለሳይንስ ምርምር ሰጡት።

ኒስታቲን የሚሠራው ፈንገሱን ሲነካው ብቻ ነው። የፈንገስ ሕዋስ ስስ ሽፋን ከእኛ የተለየ ቅባት አለው፤ መድኃኒቱ እርሱን ይዞ ሕዋሱን ይበሳዋል። ስለዚህ እንደ ሳል ሽሮፕ ጎንጭተው ወዲያው የሚውጡት ምንም አይጠቀሙም። አፍ ውስጥ ይያዛል፣ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ይንከላወሳል፣ ቆይቶ ይዋጣል። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ አይበላም፣ አይጠጣም። በቀን አራት ጊዜ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ያውልቀው፤ ሌሊትም አውልቆ፣ አጽድቶ ይተኛ። ሽሮፑ ብዙ ጊዜ ስኳር ስላለበት ጥርስን ችላ አትበሉ። ሚኮናዞል የሚባለው ጄልም እንዲሁ አፍ ውስጥ የሚቆይ ነው። ሌላ በጠፋበት ጤና ጣቢያ የሚቀባው፣ ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ መድኃኒትም ፈንገስ ይገድላል፤ ግን አፍን ያቀልማል። ሰው እንዳያያቸው ለሚፈሩ ሕሙማን ቀለሙ ራሱ ሕመም ነው፤ ለዚህም ሌላ ካለ ሌላውን እንመርጣለን።

ፍሉኮናዞል የሚዋጥ ነው፤ በደም ዞሮ ይደርሳል። የሚሠራውም ያንኑ የፈንገስ ቅባት ከመሠራቱ በፊት በማስቆም ነው። ለአፍ ፈንገስ በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። የምግብ ቧንቧ ከተያዘ መጠኑ ይጨምራል፤ ጊዜውም ከ14 እስከ 21 ቀን ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች የነገርኳችሁ ሐኪማችሁ ያዘዘውን እንድትጨርሱ ነው፤ ራሳችሁ እንድታዙ አይደለም። እርጉዝ የሆነች፣ የጉበት ችግር ያለበት፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ፍሉኮናዞል ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል።

ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን ነጩ ሲጠፋ ያቆማል፤ የተረፈውን ክኒን ለሚቀጥለው ያስቀምጣል፣ ወይም ለጎረቤት ይሰጣል። ፈንገስ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ፍሉኮናዞል ደጋግመው የወሰዱ የኤድስ ሕሙማን አፍ ውስጥ መድኃኒቱን የለመደ ፈንገስ ተፈጥሮ ነበር። በተፈጥሯቸው የማይበገሩለት የካንዲዳ ዓይነቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው ጤና እጅግ አስጊ የሆኑ ፈንገሶችን ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ ካንዲዳ አልቢካንስን ከፊተኞቹ አራት መድቦታል። ዋናው መድኃኒት ግን ፀረ ፈንገሱ አይደለም። ፀረ ኤችአይቪው ነው። ጠባቂዎቹ ሕዋሳት ሲመለሱ እርሾው ተመልሶ ይተኛል።

እንጀራ ጋጋሪዋም ምሥጢራቸው እዚህ ነበር። ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ካወቁ ቆይተዋል። መድኃኒት ጀምረው ጤናቸው ተመልሶ ነበር። ከዚያ የሰፈር ሰው ካርድ ክፍል ደጃፍ ላይ አያቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን አቆሙ። ለሰባት ወር። «ደህና ነበርኩ እኮ» አሉኝ። አዎ፣ የሰነበተው መድኃኒት ያቆየላቸው ደህንነት ነበር። በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዎችን ከመድኃኒቱ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የገንዘብ እጦት አይደለም፤ የሰው ዓይን ነው። ጠበል ገብቼ መድኃኒት ተውኩ የሚለኝም አለ። ለእነዚህ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ በአደባባይ መናገራቸውን አስታውሳቸዋለሁ።

እንግዲህ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው አፉ ከነጣ ጥያቄው «የትኛውን ሽሮፕ?» ብቻ መሆን የለበትም። ክኒኑ ተቋርጦ ነበር? የቫይረሱ መጠን መቼ ተለካ? መድኃኒቱ መቀየር ይኖርበታል? ጠያቂው ይህን ሲጠይቅ በቁጣ እንዳይሆን። በቁጣ የተጠየቀ ሰው ይዋሻል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የዛሬው ንግግሬ የሰፈር ዳኞችን እንዳያፈራ እፈራለሁና። ነጭ ምላስ የኤችአይቪ ማስረጃ አይደለም። ጡት የሚጠባ ሕፃን አፉ ይነጣል። የስኳር ሕመምተኛ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲወስድ የሰነበተ፣ ለአስም የሚሳብ መድኃኒት ወስዶ አፉን ያልተጉመጠመጠ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርግ፣ አፉ የሚደርቅ አዛውንት፣ ሁሉም ፈንገስ ሊይዛቸው ይችላል። ጫት የሚቃምበት ጉንጭ በኩል የሚታየው ነጭ ፈንገስ ላይሆን ይችላል። በምላስ ጎን ላይ ጸጉር መሰል ነጭ መስመር የሚያወጣ፣ ሲጠርጉት የማይነሣ ሌላ ምልክትም አለ፤ የሚመጣው ከሌላ ቫይረስ ነው። ዓይቶ መለየት የባለሙያ ሥራ ነው። የምታነቡት የራሳችሁን አፍ ይሁን፤ የጎረቤታችሁን አፍ ለጎረቤታችሁ ተዉለት። የራሳችሁ አፍ ነጥቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም እየተመለሰ ካስቸገረ፣ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ምርመራው ከጥርጣሬው ይቀላል።

ጉርሻስ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ኤችአይቪ በምራቅ፣ በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በጉርሻ አይተላለፍም። የአፍ ፈንገሱም ቢሆን ከአንድ ሳሕን በመብላት የምትፈሩት ነገር አይደለም፤ ከእናንተም ብዙዎቹ ዘንድ አስቀድሞ አለ። ቫይረሱ በመሣሪያ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም። ሰውን ከማዕድ ማግለል ኤችአይቪንም ሆነ የአፍ ፈንገስን አይከላከልም።

ሕመሙ እስኪያልፍ የቤት ውስጥ እንክብካቤው ቀላል ነው። በርበሬ፣ ሎሚና ትኩስ ነገር ይቆይ። አጥሚት፣ እርጎ፣ የቀዘቀዘ ገንፎ፣ በአልጫ የራሰ እንጀራ ይወርዳል። ስኳር ይቀነስ፤ ፈንገሱ ይወደዋል። ሲጋራ ይቅር። ጥርስ በለስላሳ ብሩሽ ይጽዳ፤ መፋቂያ ለለመደ ሰውም ጫፉ የለሰለሰ ይሁን፣ ቁስሉን አይንካ። ምላስ በጨው አይፈገፈግ። የተፈገፈገ ምላስ ለፈንገሱ የተከፈተ በር ነው።

ልጨርስ። እንጀራ ጋጋሪዋ በዚያ ቀን ፍሉኮናዞላቸውን ይዘው፣ ፀረ ኤችአይቪያቸውን እንደ አዲስ ጀምረው፣ ሰው ሳይበዛ በማለዳ እንዲመጡ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት አፋቸው ጸድቶ ነበር፤ ነጠላው ግን እንዳለ ነበር። ነጠላው ከአፍ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው። ለወራት ማለዳ ማለዳ ይመጣሉ፤ ክኒናቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ።

ከስምንት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ቁጭ ብለው የጤፍን ዋጋ እያነሡ ሲያማርሩኝ ቆዩ። ቀጥለው ደግሞ አዲሷ ሠራተኛቸው አብሲቱን ረስታ ስላበላሸችው የአንድ ቀን እንጀራ አጫወቱኝ፤ እርሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ተሰናብተውኝ ከወጡ በኋላ ካርዳቸው ላይ የምርመራውን ውጤት ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁ። ያኔ ነው «አፍዎን ይክፈቱልኝ» ማለቱን እንደረሳሁት ያስታወስኩት። ግን ጽፌዋለሁ፦ ምላስ ንጹሕ፣ ላንቃ ንጹሕ። ሲስቁ ዓይቼዋለሁ።